ቤቱን የሸጠው መርዶ

ቀራንዮ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣
ጅማ

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ለደንቡ ብዬ አይደለም የምጠይቅህ። በሰፈራችን ሞተሃል ተብሎ ተለቅሶልሃልና ደኅና መሆንህን ከራስህ ብሰማ ይሻለኛል። እኔ አለሁ። እናታችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናት፤ እንዲያውም ካንተ መርዶ ወዲህ እህል መቅመስ ጀምራለች። እህቴ አብዳለች እንዳትል ነገሩን ከሥሩ ላጫውትህ።

በኅዳር የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ቤቱን እንዳለ፣ ጣሪያውን ሳታስጠግኚ፣ እጅ በእጅ ለሚከፍል ሰው ቶሎ ሽጪና ድርሻዬን ላኪልኝ፤ ከአንድ ጣሊያን ጋር ካሚዮን ልገዛ ነው ብለሃል። ደግሞ ቤታችንን፣ ጣሊያኖቹ የሐበሻን ጎጆ እንደሚሉት፣ ቱኩል ብለህ ጠራኸው። አባታችን ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ፣ ቆዳ እየተሸከመ ነግዶ፣ ምሰሶውን ከመናገሻ ጫካ አስመጥቶ የሠራውን ቤት! ጌቶችህ እንዲያ ይበሉት፤ አንተ ግን የተወለድክበት ነው። ያን ቃል ሳነብ ወረቀቱን ልቀደው ትንሽ ነው የቀረኝ።

ቢሆንም ታዘዝኩ። የአባት ንብረት ለልጁ ይገባዋል፤ ያንተ ሐቅ በእኔ እጅ እንዲያድር አልፈልግም። አስኮ በኩል እህል የሚነግዱ አቶ ሽኩር የሚባሉ ሰው መጥተው ቤቱን ዞረው አዩ። ከጣሪያው ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ እኔው ራሴ እየጠቆምኩ አሳየኋቸው። ግድ የለም፣ እንዳለ እወስደዋለሁ፣ ሣሩን አንስቼ ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ አሉ። ገንዘቡም በሊሬ ሳይሆን በጠገራ ብር፣ በአንድ ቀን። የቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወንድ ልጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከጣሊያን ጋር የሚውል ነው አሉ፤ ነገ መጥቶ የአባቴ ቤት ነው ቢለኝ በየትኛው ዳኛ ፊት እከራከረዋለሁ? መጥቶ ይፈርምልኝ አሉ።

አንተ ደግሞ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ለምን እዚህ ሰፈር እንደማትረግጥ እኔም አንተም እናውቀዋለን። እናም ሳላስበው፣ ሞቷል፣ ጅማ ላይ በወባ ሞቷል አልኳቸው። ሽያጩ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው እንዳልልህ፣ ውሸት ላይ ውሸት ይሆንብኛል። ስለው ደስ ብሎኛል።

ነገሩ በዚያ ያበቃል መስሎኝ ነበር። ለውሉ እማኝ የተጠሩት አቶ መሸሻ፣ የእድራችን ዳኛ፣ እንዴት ተደርጎ ነው መርዶ ሳይነገር ሰው ሞተ የሚባለው? ያውም እናቱ ቁጭ ብላ! ብለው ተቆጡ። ታውቃቸው የለ፣ ደንብ ከሚጓደል አንገታቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ። የወጣ ቃል እንዴት ይመለሳል? በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹ ጎረቤቱን አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ።

ለእናታችን አስቀድሜ በጆሮዋ ልነግራት አስቤ ነበር። ምሥጢር አይዝላትም፣ እንባዋም እንቢ ይላታል ብዬ ተውኩት። ይህን ኃጢአቴን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። መርዶውን ስትሰማ የጮኸችው ጩኸት ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ተሰማ። ፊቷን ነጨች። ዳስ ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ያቺ ስምህ ሲነሳ ምራቋን የምትተፋው ጎረቤታችን ሰርኬ ደረቷን እየደቃች ሙሾ አወረደችልህ። ጀግናው እያለች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቶ ሽኩርም ስኳር ይዘው መጥተው ሦስቱን ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ተቀመጡ። ቄሱም በቁምህ ፈቱህ። በአራተኛው ቀን ውሉ ተፈረመ።

እኔም አለቀስኩ። ለይምሰል ጀምሬ ማቆም አቃተኝ። ላንተ አልነበረም፤ ለባሌ ነበር። በዚያ በየካቲቱ እልቂት ሲወስዱት ማን ለቅሶ ተቀመጠለት? አስከሬኑ አልተገኘ፣ ማልቀስም ያስገድል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝኩትን እንባ ባንተ ስም አፈሰስኩት። ያን ዕለት በራችን ላይ ከወታደሮቹ ጋር ቆመህ የጣሊያኑን ቃል ወደ አማርኛ ስትመልስለት ዓይን ለዓይን ተያይተናል። አማቼ ነው ብትላቸው ምን ነበረበት? አንድ ቃል! እናታችን ጓዳ ተኝታ ስለነበር አላየችህም። እኔም ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ አፌን ዘግቼ ኖርኩ።

አቶ ሽኩር ጥምቀት እስኪያልፍ እንድንቆይ ፈቅደውልን ነበር። ባለፈው ሳምንት ወደ ኪራይ ቤት ዕቃችንን ስናዛውር ግን ጸጸቱ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። እግሯ ሥር ተደፍቼ፣ ልጅሽ አልሞተም፣ ለቤቱ ሽያጭ ብዬ የዋሸሁት ነው፣ ደብዳቤውም ይኸው አልኳት። ወረቀቱን አልነካችውም። ሽማግሎቹ ሲነግሩኝም በወባ እንዳልሞተ ገብቶኛል አለችኝ። ባልሽን የወሰዱት ዕለት ከጓዳ ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ያጠባሁት ልጅ ድምፅ ይጠፋኛል ወይ? አንቺ ያላወቅሽው መስሎኝ ደብቄሽ ኖርኩ። ለእኔ የሞተው ያን ዕለት ነው፤ ግን ምን ብዬ፣ በማን ፊት ላልቅስ? አንቺ ለቅሶዬን ሰጠሽኝ አለች። ከዚያም አርባውን እንዳታስቀሪ ብላ አዘዘችኝ።

ስለዚህ የፊታችን መድኃኔ ዓለም ተዝካርህ ይወጣል። ወጪው ከድርሻህ ተነስቷልና ገንዘቡ ጎደለ ብለህ እንዳትቀየም። የቀረውን ይህን ደብዳቤ ይዞልህ ለሚመጣው ለካሚዮን ነጂው ለጀላል ሰጥቼዋለሁ፤ ታማኝ ሰው ነው።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት፣ እማዬ፣ ምርቃት ላኪለት እንጂ ብዬ ለመንኳት። ነፍሱን ይማረው በይልኝ አለች።

እህትህ