ለሁላችንም ዜሮ ላደሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ካርድ ምዝገባ ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሐረር

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ኮምፒውተርዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አርባ ዓመት የጀጎልን ግንብ ስጠግን የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም። የሚጽፉልኝ ጎረቤቴ መምህር ኒቆዲሞስ ናቸው፤ ቃሌን እንዳያሳምሩብኝ አደራ ብያቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከማንም ጋር የማይገጥም የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል ብለው ስላስነገሩልን እናመሰግናለን። ቁጥሩ ከጣት አሻራ ይወጣል ተባለና ጣቴን አስቀመጥኩ። ድንጋይና ኖራ የበላው ጣት ምን አሻራ አለው? ማሽንዎ አላነበበውም። አልቻልኩም ብሎ እንደመመለስ ግን የቁጥሩን ቦታ በዜሮ ሞልቶ አሳለፈኝ። እንዲህ እንዲያደርግ ያዘዘው ፕሮግራሙን የጻፈው ክፍልዎ መሆኑን መዝጋቢው አብዱልፈታ ነግሮኛል፤ ያውም ዘንድሮ፣ ከተመዘገብን ከስንት ወር በኋላ። እኛ ግንበኞች ድንጋይ ሲጎድለን ቀዳዳውን በጭቃ ለስነን አናልፍም ነበር፤ ብናልፍማ የአለቃችን ጥፊ ይጠብቀን ነበር።

ሁለተኛ፤ ወስፌና ስንደዶ ጣቷን የጨረሰባት ስፌት ሰፊዋ ሶፍያም፣ ልብስ አጣቢዎቹም ያው ዜሮ ደርሷቸዋል። በመዝገብዎ ሁላችንም አንድ ሰው ነን። ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ፣ ወንዱን ከሴቱ እንዲህ ያዋሃደ ሹም ሐረር አይታ አታውቅምና ዕድሜ ይስጥዎ።

ሦስተኛ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ ለአንድ ቁጥር የስኳር መርፌ የሚሰጠው በወር አንዴ ብቻ ሆኗል። ማክሰኞ ጠዋት እኔ ወሰድኩ። ከሰዓት ሶፍያ ስትሄድ፣ «እማማ፣ የዚህን ወር ወስደዋል» አሏት። «ወላሂ አልወሰድኩም» እያለች ባዶ እጇን ተመለሰች። ዓርብ ዕለት ኤረር በር ገበያ፣ ስፌቶቿ መሐል ወደቀች። ሆስፒታል ተኝታለች፤ እስካሁን ሰው አትለይም።

አራተኛውንም በእርስዎ ላይ ልጭን አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። በምዝገባው ቀን አብዱልፈታ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ፣ «አባባ፣ ትክክል መሆኑን ይዩት» አለኝ። ከኋላዬ የሰፈሬ ሰው ተሰልፏል። ጠጋ አልኩ፤ አንባቢ የሚቆየውን ያህል ቆየሁና ራሴን ነቀነቅሁ። ክብ በክብ የተደረደረ ነገር ነበር፤ ይህ ምንድን ነው ብል እዚያው ይታረም ነበር። ማንበብ እንደማልችል እንዳይታወቅብኝ ብዬ አሳለፍኩት። እርስዎን ስረግም ግማሹ ወደ ራሴ ይመለሳል፤ ሆስፒታል ሄጄም የሶፍያን ልጆች ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ለሶፍያ የራሷን ቁጥር ይስጧት። እስኪሰጧት ድረስ በዜሮው መርፌ የምትወስደው እሷ ናት፤ እኔ አልነካውም።

እጅ እንዳልነሳዎ ወገቤ የማይታጠፍልኝ፣ በመዝገብዎ ከአንዲት ሴት ያልተለየሁ፣
ወልደሚካኤል፣ ከሐኪም ተራራ ግርጌ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ቢሮዎ እመጣለሁ። ሰው በሞላበት፣ «እኔ ማንበብ አልችልም» ብዬ እጮሃለሁ። የሶፍያንም ልጆች አመጣለሁ፤ ማንበብ የሚችሉት እርስዎ ዜሮውን ምን ብለው እንዳሳለፉት ያስረዷቸዋል።