ሰዓቱን ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ

አሰላ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየሺሃረግ ወልደጻድቅ
አሶሳ

ልጄ የሺ፣ የቆላው ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? በጥቅምት የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። እንደ ወትሮው አራት መስመር ነው። ሦስቱ ደህና መሆንሽን ይናገራሉ። አራተኛው «ይርሳው አሁንም እዚያው ሰፈር ነው ወይ?» ይላል። አሥር ዓመት ሙሉ ይህችን አራተኛ መስመር ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ። ዛሬ እመልሳለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን በሹፌሩ በሁሴኖ እጅ የምልከውም ለዚሁ ነው። ስታነቢው ብቻሽን ሁኚ።

እኔ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ገብሱ ታጭዶ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል። ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ቢሆነኝም የዝናብ መለኪያውን ዛሬም በየቀኑ በሦስት ሰዓት አነባለሁ። ጎረቤት «ለማን ብለው ነው?» ይለኛል። ዝናቡ ጡረታ አልወጣም እለዋለሁ።

ባለፈው ወር ኢፍቱ መጣች። ከአንቺ ጋር ታስተምር የነበረችው ኢፍቱ አሁን ምክትል ዳይሬክተር ሆናለች። ስድስት ወጣት መምህራን አስከትላ ገባችና «ጋሼ፣ የእሑዱን ማኅበር እንደገና እንጀምረው። ልጆቹ መፈክር መገልበጥ እንጂ መጻፍ አያውቁም፤ አስተማሪዎቹም ብቻቸውን ሆነው ደከሙ» አለችኝ።

ወጣቶቹ ስለማያውቁት ከሥሩ ነገርኳቸው። በ1966 አምስት ሆነን እንደጀመርን፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ወደ ጭላሎ ግርጌ ወጥተን ዛፉን፣ ወፉን፣ አውሬውን እንደምንጽፍ፤ ሳይመሽ እኔ ቤት ተሰብስበን በየተራ እንደምናነብ። አንቺ፣ ባልሽ ቶላና ኢፍቱ ሰኞ ክፍላችሁ ገብታችሁ ተማሪውን በዚያው መንገድ ታስተምሩት ነበር። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ይርሳው ደግሞ ከጤና ጣቢያው መጥቶ የቅጠል ዓይነት ይጽፍ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሲከፋው የቀረነው ደብተር ይዘን ቤቱ እንሄዳለን። ኢፍቱ ልጇ የሞተባት ጊዜ አራት እሑድ የተሰበሰብነው እሷ ቤት ነበር። እሷም አራቱንም እሑድ ጻፈች። ፊደልን ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው አስተማሪዎች ሰብስቤ ማረሜ፣ አልደብቅሽም፣ ያኮራኝ ነበር።

ደንቤንም ነገርኳቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የጸሐፊው ሙሉ ስም። ይህን ዝናብ ስለካ ነው የተማርኩት፤ ቀንና ሰዓት የሌለው ልክ ልክ አይደለም። ቶላ በዚህ ደንብ ይስቅብኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። «ጋሼ፣ ወፏንም ላስፈርማት?» ይለኝ ነበር። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። ኢፍቱ አልሳቀችም።

ከወጣቶቹ አንዷ ውድነሽ ትባላለች፤ የበቆጂ ልጅ ናት። ተማሪዎቿ ስለ ኮሶ ዛፍ የጻፉትን አነበበችልን። ስሙን በኦሮምኛ ሄጦ ብለው ከጎኑ ጽፈውታል። እያንዳንዱ ጽሑፍ ግን መጨረሻው ላይ «የማላውቀው» የሚል አንድ መስመር አለው። አንዱ «የማላውቀው፦ ሌሊት ነፋሱ ሲመታው ዛፉ ይፈራ እንደሆነ» ይላል። ይህ የቶላ ትምህርት ነው። እኔ ደብተር የሚጻፍበት የሚታወቅ ነገር ብቻ ነው ብዬ ስንት እሑድ ተከራክሬዋለሁ።

«ከማን ተማርሽው?» አልኳት።

«እዚህ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስማር አንድ አስተማሪ ነበረን። ዛፍ ሥር ያቆመንና ሦስት ድምፅ ሳትሰሙ እርሳስ እንዳታነሱ ይለናል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያለን መጥተው...» ስትል ኢፍቱ እጇን ያዘቻት።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሡ ኢፍቱ በር ላይ ቆም አለች። «አንድ ነገር ብቻ፣ ጋሼ። ይርሳው የሚመጣ ከሆነ እኔ የለሁም። ቶላን ከነደብተሩ ካስረከበ ሰው ጋር አልቀመጥም» አለች።

እኔም ደህና ግቡ ብዬ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። እሑድ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን የበሩ መቀርቀሪያ የተነካ ይመስለኛል። እነሣለሁ፤ ማንም የለም። ዞር ስል ደግሞ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ምን ልጻፍ እያለ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል። ቡዳ ነው፣ ዛር ነው የሚል ሰው አይደለሁም። ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን ስሚኝ። ኅዳር 11 ቀን 1970 እሑድ ነበር። አንቺ ታመሽ ቤትሽ ተኝተሻል። ይርሳውና ኢፍቱ አንብበው ሄደዋል። ቶላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ብቻውን መጣ፤ ጫማው ጭቃ ነበር። ቁጭ ብሎ ስለ አንዲት ድኩላ ጻፈ። ውኃ ጠጥታ ቀና ስትል ጆሮዋ ላይ የቀረችውን ጠብታ ጻፈ። እንደዚያ ያለ ነገር ጽፎ አያውቅም። ከዚያ ደብተሩን ገፋ አደረገና «ጋሼ፣ የዛሬውን ሰዓትና ቦታ ብንተወውስ?» አለኝ።

«ሰዓት የሌለው ጽሑፍ ወሬ ነው። ሰዓቱን ጻፍ» አልኩት።

«ለዛሬ ብቻ።»

«ጻፍ።»

ለአፍታ አየኝ። እኔ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እርስዎ ካሉ» አለና ጻፈ፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከድልድዩ በላይ፣ ቶላ ኦላና።

በዚያ እሑድ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከድልድዩ በላይ የሕቡዕ ስብሰባ ነበር ተብሎ በማግሥቱ ሰው መታሰር ተጀመረ። ቶላ ሲጠየቅ «ሁሩታ እናቴ ዘንድ ነበርኩ» ብሎ ነበር። እኔ ይህን አላወቅሁም። ስብሰባው ላይ ይሁን ድኩላዋ ዘንድ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ይርሳው እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ የቀበሌ ሰዎች ጤና ጣቢያ መጥተው ስለ ደብተራችን ሲጠያየቁ ሰማሁ። አሁኑኑ ያቃጥሉት» አለኝ። የአራት ዓመት ወፍና ዝናብ ላቃጥል? ፈሪ ብዬ ሰድቤ አስወጣሁት። ሲወጣ ደጄ ላይ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ከአሳምነውና ከሁለት ጠበንጃ ያዦች ጋር ተገጣጠመ። ሰፈሩ ያየው ይህን ነው።

አሳምነው በትሕትና ነበር የገባው። «አቶ ወልደጻድቅ፣ አንድ ደብተር አለ ይባላል» አለ። የለም ማለት እችል ነበር። ቤቱን አልፈተሹም፤ እጃቸውን በአንድ ዕቃ ላይ አላሳረፉም። እኔ ራሴ ሣጥኑን ከፍቼ አወጣሁና «እንካ አንብብ! ከወፍና ከዝናብ በቀር አንዲት ነገር ብታገኝበት አንገቴን ቁረጠው» ብዬ ሰጠሁት። የሚያፍር መስሎኝ ነበር። እሱ ወፎቹን አላነበበም። ጣቱን በምራቁ እያራሰ ሰዓቶቹን አነበበ። አንድ ገጽ ላይ ቆመና «ይህ የአማችዎ የራሱ እጅ ነው?» አለኝ።

«የራሱ ነው፤ እፊቴ ነው የጻፈው» አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፣ የሺ።

በማግሥቱ ከክፍል ወሰዱት። ሦስት ወር ስንቅ አመላለስሽ፤ ከዚያ አንድ ቀን ስንቁን መለሱልሽ።

ያን ቀን «አባባ፣ ደብተሩን ማን ሰጣቸው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «ጠዋት ይርሳው መጥቶ ነበር» አልኩሽ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቃሉ ሐሰት የለበትም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬአለሁ። በሕይወቴ የተናገርኩት ትልቁ ሐሰት እሱ ነው። አንቺ ለኢፍቱ ነገርሽ፣ ኢፍቱ ለሌላው ነገረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ለይርሳው ቁስሉን እንኳ ማሳየት ጠላ። ልጁን ሲድር ድንኳኑ ባዶ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። ሸብቷል። ወንበር ሰጠኝ፤ እሱ ቆመ።

«አንተ እንዳልሰጠህ ታውቃለህ። ማን እንደሰጠም ታውቃለህ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አሥር ዓመት አፍህን ምን ዘጋው?»

«የሺ ባሏን አጥታለች፤ አባቷንም ላሳጣት?» አለኝ።

ከዚያ ቀስ ብሎ «ደግሞስ ብናገር ማን ሊያምነኝ? እርስዎ እኮ የማይዋሹ ሰው ነዎት» አለ። ሊያቆስለኝ ብሎ አልነበረም የተናገረው።

የፊታችን እሑድ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ይህን ለአንቺ የጻፍኩትን እፊታቸው አነበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን አሽገዋለሁ።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

ትናንት አነበብኩት። ቆሜ ነው ያነበብኩት። ወጣቶቹ ወለሉን ያያሉ። ውድነሽ ታለቅሳለች፤ የአስተማሪዋን ስም ያን ጊዜ ነው ጮክ ብላ የጠራችው። ኢፍቱ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። ስጨርስ ነጠላዋን አጣፋች።

«አሥር ዓመት ሙሉ ይርሳውን ሳየው መንገድ ስሻገር ኖርኩ» አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ መስኮትዎ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር» አልኩ።

«ማኅበሩ ይቀጥላል። እዚህ ቤት ግን አይደለም፤ ይርሳው ከፈቀደ እሱ ቤት ነው። እርስዎ አይምጡ። ጽሑፋችንን ያለ ስም እንጽፋለን፤ ሰዓትም አንጽፍም።»

«ትክክል ነው» አልኩ። ስለ ሰዓቱ ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት። ተነሥተው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው፤ ሰባቱም ተከታትለው ወደ ይርሳው ቤት ወረዱ። ኢፍቱ ከፊት ነበረች። በሩን እሷ ናት ያንኳኳችው። ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልወጣም።

እኔ ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታው የቶላ ነበር፤ እሱ ደግሞ የት እንደተኛ የሚነግረኝ አጥቻለሁ። አሳምነውን ልጠይቀው ብዬ ነበር፤ እሱንም በተራው እንደወሰዱት ታውቂያለሽ። አንቺ ግን ለይርሳው ጻፊለት። አራት መስመር አይበቃውም። ረዘም አድርጊለት።

የአባቶችሽ አምላክ ከቆላው ወባ ይሰውርሽ። እፊትሽ የሚቀመጡትን ሕፃናት ያሳድግልሽ። በእኔ የመጣ ኀዘን በእኔ ይብቃ።

ከዚህ በኋላ መልስ አልጠብቅም። ፖስታ ቤቱ አሁን ደብዳቤ የሚያድለው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ሆኗል። በሁለቱም ቀን በዚያ በኩል የምሄድበት ጉዳይ አለኝ።

አባትሽ
ወልደጻድቅ ሣህሌ