ባንዳ ስለተባለው አውራ በግና ስለ እኔ

ቀየት፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጽናት፣ አርባ ምንጭ፤

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ አገራዊ ጉዳይ በጥሞና ስሚ። አውራ በጋችን ባንዳ ተብሏል። መንጋውን ትቶ ከጎረቤታችን ከትዕዛዙ በጎች ጋር ሲያድር ተገኘ። ፈራጇ እናትሽ ናት፤ ይግባኝ የለም።

ተማሪዎችሽ የባንዳን ትርጉም ጠይቀውሽ የለ? በጣሊያን ጊዜ ለጠላት ያደረ ማለት ነበር በያቸው። ዛሬ አጠቃቀሙ ሰፍቷል። የቀየትን ገበያ ትቶ ሞላሌ ሄዶ ጨው የገዛ ባንዳ ነው። ቅዳሴ ሳያልቅ የወጣ ባንዳ ነው። አጎትሽ አስፋው ጉንፋን የያዘው ጊዜ የገዛ አፍንጫውን ባንዳ ብሎታል።

ደከመኝ ልጄ። ቃሉ ሲዞር ሲዞር እኔም ቤት ገባ።

ዘንድሮ ቤት የምንከድንበት የጓሳ ሣር ጠባቂ እኔ ነኝ። ሣሩ ተዘግቷል፤ አገሩ መክሮ እስኪከፍተው ማጨድ ክልክል ነው። በጥቅምት ነፋሱ የእትዬ ኮከቤን ጣራ ገፎ ወሰደው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚከድንላት የለም። ማጭድ ይዛ ስትመጣ አየኋት፤ አየችኝ። ፈረሴን አዙሬ ማዶ ያለ ቀበሮ ስጠብቅ ዋልሁ።

ሰንበቴ ላይ አስፋው ተነሣ።

«ጋሼ፣ ሣሩ ሲታጨድ የት ነበሩ?»

«ቀበሮው እንዳያጭደው እየጠበቅሁ።»

«አገር የሸጥህ ባንዳ!» አለኝ። እርስዎነቴ እዚያው ቀረ።

«ገዥው ማን ነው? ኮከቤ ናት?» ብል አንድም ሰው አልሳቀም።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፦ እሳት የሚጭርልኝ፣ ደጄን የሚረግጥ እንዳይኖር። «ሳላያት ሰርቃ ነው» ካልሁ ይታረቁኛል። ያኔ እሷ በእኔ ፈንታ ትገለላለች። እንዲያ ያልሁ ዕለት ቃሉ በትክክል የእኔ ይሆናል፤ ለተማሪዎችሽ ምሳሌ ካነሰሽ ይኸውልሽ።

የጥር ሰርግሽ እንደተቆረጠው ነው፤ አንቺ ምንም አታስቢ። ገብሱ ለጠላ ተለይቷል፣ ለዳሱ እንጨት ተቆርጧል፣ አገሩ ሁሉ ይጠብቅሻል። ሙሽራው ወፍራም ካፖርት ይዞ ይምጣ፤ የቆላ ልጅ ነው፣ ብርዳችን አያውቀውም።

ጎጆሽን ነፋስ አይድፈረው። የምታገቢው ሰው ዞር ማለት ባለበት ጊዜ ዞር የሚል ይሁንልሽ።

አባትሽ ይሥሐቅ

ማረሚያ፦ ከላይ ስለ ሰርጉ በተጻፈው ክፍል «አገሩ ሁሉ ይጠብቅሻል» የተባለው ስሕተት ስለሆነ፣ «እናትሽ፣ እኔና ኮከቤ እንጠብቅሻለን» ተብሎ ይነበብ።