ይመሬ፣ ጣውንቴ ድናለች

አሰላሙ ዓለይኩም ይመሬ። ከሄድክ ወዲህ ሁለት ረመዳን ጾምን፣ ሁለቱንም ዒድ ያላንተ ዋልን። እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት አኩርፌህ አይደለም። ደግ ወሬ እስካገኝ ነው። ክፉ ወሬ ብልክልህማ መጥተህ አታስተካክለው፣ በከንቱ ላስጨንቅህ? አሁን ግን ደግ ወሬ አግኝቻለሁ። ጣውንቴ በጠና ታማ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ ድናለች።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ቢያነበው እንዳይደነግጥ አስቀድሜ ልናገር፤ ይመር በላዬ ላይ ሌላ ሚስት አላገባም። ጣውንቴ የምላት ጓዳችን ውስጥ ያለችውን፣ አራት ዲስክ በሆዷ የያዘችውን አሮጌ ኮምፒውተር ነው። እናንተ ሰርቨር ትሏታላችሁ። አንተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእኔ በፊት የእሷን ደህንነት ነበር የምትጠይቀው። እንዴት ዋለች፣ መብራት ሄዶባት ነበር ወይ፣ ድምፅ አሰማች ወይ እያልክ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስከርም ግን «ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት» ነው መድኃኒትህ። ታዲያ ከጣውንት ሌላ ምን ልበላት?

እስቲ በፊት የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ነገ ዛሬ ስትለው የኖርከው የጓሮ አጥር ታጥሯል። እኔ ያው ከስፌት መኪናዬ ጋር ነኝ፤ ዘንድሮ ለዒድ የመጣልኝ ሥራ እጄን አላስነሳ አለኝ፣ ማሻአላህ። ልጅህ ዘሐራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። በቁመት በልጣሃለች፣ በግትርነት ግን እኩል ናችሁ። ታናሽ ወንድምህ ጀማል አቀስታ ላይ ሚስት አግብቷል። ያ ለማንም አልታዘዝ ያለ ሰው ዛሬ ሻይ እንኳ ጠጣ ሲሉት «ሚስቴን ላማክር» የሚል ሆኗል። ብታየው በሳቅ ትሞት ነበር፣ ደግመህ።

ግቢው ግን እንደተውከው ነው። ያ ሁሉ በስልክ እየቀዳህ ጣውንቴ ላይ ያስቀመጥከው የሂሳብ ትምህርት ዛሬ የመካነ ሰላም ልጅ ሁሉ ሀብት ሆኗል። ኢንተርኔቱ እንደሁ ባሰኘው ቀን ይመጣል፣ ባሰኘው ቀን ይሄዳል። ልጆቹ ግን ከሰዓት በኋላ ይመጡና ግድግዳችን ሥር ተደርድረው ስልካቸውን ከእሷ ጋር ያገናኛሉ። ካርድ አይሞሉ፣ ኔትወርክ አይለምኑ። ከከላላ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ሳይቀሩ አንተን ሳያዩህ ተማሪዎችህ ሆነዋል። የእኔ ሥራ ጫማቸውን ደጅ እንዲያራግፉ መጮህ ነው።

ታዲያ ፈተናው ሲቃረብ፣ ልጆቹም መላወሻ እስኪጠፋ መምጣት ሲጀምሩ፣ ጣውንቴ ታመመች። መጀመሪያ ትምህርቱ መሀል ላይ ቀጥ ማለት ጀመረ። አንተ ጠመኔህን አንስተህ፣ አፍህን ከፍተህ ትቀራለህ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም ከሩቅ ሰምቼ እስቃለሁ። ሲቆይ ግን ከሆዷ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ያኔ ዘሐራ ሳቋን አቆመች። ሌላ ቅጂ እንደሌለ የምታውቀው እሷ ናትና። ጣውንቴ ከሞተች ልጆቹ ለፈተና የሚያጠኑበት ይጠፋል፣ እኔና ዘሐራም ድምፅህን እንቀብራለን። አንዴ ቀብሬሃለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብርህም አልኩ።

መብራቱ ነው ብለን ስታብላይዘር ከጎረቤት ተዋስን፤ አልሆነም። ገመዱ ነው ብላ ዘሐራ ነቅላ፣ አራግፋ ብትሰካው አንድ ቀን ደህና ሆነችና ተመልሳ ቀጭ፣ ቀጭ። እኔ እንግዲህ የማውቀው የስፌት መኪና ነው። የሚንቋቋ መኪና ዘይት ነው የሚፈልገው ብዬ የዘይት ጠርሙሴን ይዤ ስገባ ዘሐራ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ሰብስቧል። ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ ቢሮጥ፣ እኔ ጠርሙሴን ይዤ፣ እሷ ኮምፒውተሩን አቅፋ ተፋጠናል!

በኋላ ለጀማል ደወልን። እሱ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላልና ከሁሉ በፊት «ትሞቃለች ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ዘሐራ ብትነካት ገና ከእሳት እንደወረደ ድስት ናት። መቼስ ታውቃለህ፣ በደህናው ጊዜ እኔ አቧራ እንዳይገባባት ዳንቴል አለብሳታለሁ፣ አንተ ትገፍፋታለህ። መልሼ አለብሳታለሁ፣ መልሰህ ትገፍፋታለህ። አንተ ስትሄድ የሚገፍፋት ሰው ጠፋና በዳንቴሉ ላይ ጋቢ ደረብኩላት። የዚህ አገር ብርድ እኮ ነው! የትኛዋ ሴት ናት ጣውንቷ እንዳይበርዳት የምትጨነቅ? ለካስ በደግነቴ አፍኜ ልገድላት ነው። ጀማል ይህን ሲሰማ ስልኩን ትቶ ሳቀ። ጋቢውም ዳንቴሉም የዚያኑ ቀን ወረደ።

ሙቀቱ በረደ፣ ነገር ግን አንዱ ዲስክ ቀድሞ ተጎድቶ ኖሯል። አብሽሩ አለን ጀማል። አንተ ያኔ ለእኔ ያስረዳኸኝን ነው የደገመልኝ፤ አራቱ ዲስኮች ቃሬዛ እንደተሸከሙ አራት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ቢደክም ሦስቱ እንደምንም ይሸከማሉ፣ ሁለት ከጎደሉ ግን በሽተኛው መሬት ነው። ስለዚህ የደከመውን አውጥተን በፍጥነት በአዲስ መተካት አለብን። አዲስ ዲስክ ገዝቶ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላከልን። ዘሐራ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የበሽተኛውን ቁጥር አነበበችለት፣ እሱም አብራችሁ ስትገጥሟት ካነሳው ፎቶ ጋር አመሳክሮ የትኛው እንደሆነ ነገረን። አንተ በፕላስተር ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለህ ጽፈህ ለጥፈህባቸዋል። የታመመው ሀ ነው ሲል ሰማን። አጠፋናት፣ ሀን ነቀልን፣ አዲሱን በቦታው ከተትን፣ ቢስሚላህ ብለን አበራናት።

ዝም አለች። ቀጭ ማለቱም የለም፣ ትምህርቱም የለም፣ ይመርም የለም። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ መጣ። ዘሐራ ተረጎመችልኝ። «እንደ አዲስ ላዘጋጅ ወይ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ነው የሚለው። ጣቷ ወደ እሺታው ሲሄድ እጇን ያዝኩት። ጨርቅ አንዴ መቀስ ከገባበት አይመለስም፣ ለጠየቀ ሁሉ እሺ አይባልም፣ አልኳት። ያረቢ፣ በአንድ ቤት ስንቴ ለቅሶ ይገባል አልኩ።

የነቀልነውን ዲስክ በእጄ እንደያዝኩ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ጓሮ ወጥቼ ለጀማል ደወልኩለት። ያልከንን ሀን ነቀልን እለዋለሁ፣ ሐን ከነቀላችሁ ልክ ናችሁ ይለኛል። አሁን ስጽፈው ይለያል እንጂ በጆሮ አንድ ነው! ሀ አይደል፣ አዎ ሐ፣ እየተባባልን ስንጯጯህ ዓይኔ ፕላስተሩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍህ ላይ ወደቀ። ቆይ፣ ቆይ አልኩ። ጀማል፣ ሃሌታው ሀ ነው ወይስ ሐመሩ ሐ? ጀማል ቀጭን ድምፅ አውጥቶ፣ ሐመሩ ነው እንጂ፣ አለኝ።

እኔ እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ጤነኛውን አውጥተን በሽተኛውን ትተነዋል፣ ቃሬዛው በሁለት ሰው ቀርቷል! አንተ ሰው፣ ዲስክ ሀ ለ ሐ መ ተብሎ ይሰየማል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ምን በደለህ? ይህን ሁሉ ዘመን ለሰው ልጅ ቁጥር ያስተማርክ አንተ፣ ለራስህ ሲሆን ፊደል? ብትኖር አንድ ሳምንት ሙሉ እነዘንዝህ ነበር።

ሃሌታውን ሀ ወደ ቦታው መለስነው፣ ሐመሩን ሐ አወጣነው፣ አዲሱን በሐመሩ ወንበር አስቀመጥነው። አበራናት። ዘሐራ ቀድማ እልል አለች፣ ነገሩ የገባኝ ከእልልታው ነው። ሦስቱ ተሸክመው ተነሥተዋል። አዲሱ የድርሻውን እስኪቀበል ግን አትንኳት ስለተባለ እስከ ማግስቱ በሩን ዘግተን እንደ አራስ ጠበቅናት። ለጎብኚ እንኳ አላስገባሁም።

በማግስቱ ልጆቹ መጡ። ዘሐራ የጠፋ ነገር እንዳለ ለማየት የሎጋሪዝሙን ትምህርት በትልቁ ስፒከር ከፈተችው። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሄድክ ወዲህ አንድም ትምህርትህን ቀርቤ አላየሁም ነበር፤ ሆዴ እንቢ ብሎኝ ነው። ያን ቀን ግን ደስታዬ ገፋፍቶኝ ከልጆቹ መሀል ቆምኩ። አንተ ሰሌዳው ፊት ቆመህ እጅህ ነጭ በነጭ ሆኖ ታስረዳለህ። መሀል ላይ ከጓዳ አንድ ጩኸት መጣ። «ይመሬ! ምሳው ቀዘቀዘ!» የእኔው ድምፅ! ከእኔም ጋር ያ ግቢ ሙሉ ልጅ በአንድ አፍ «ምሳው ቀዘቀዘ!» ብሎ ጮኸ። አንተም ወደ በሩ ዞረህ፣ ይህችን ብቻ፣ ይህችን ብቻ እያልክ በጠመኔው ትለምናለህ። እነሱ ለካ በቃላቸው ይዘውታል። ገበያ ላይ ሲያዩኝ ሳቃቸውን የሚያፍኑት ለምን እንደነበረም ያን ጊዜ ገባኝ። ከሄድክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ከሳቁም መሀል አለቀስኩ፣ ግን ጥሩ ልቅሶ ነበር።

ሌላም የምሥራች አለ፤ ጣውንቴ ወልዳለች። ጀማል ራሱ መጥቶ ያለውን ሁሉ በሌላ ማሽን ገልብጦ ወደ አቀስታ ወሰደው፣ የዚያ ልጆችም ይማሩበታል። ሲገለብጥ ጩኸቴን ቆርጦ ሊያወጣው አስቦ ነበር፣ ለትምህርት አይሆንም ብሎ። ልጆቹ ግቢውን በጩኸት ሞሉት። እኔም ከልጆቹ ጋር ነበርኩ። በአዲሱ ማሽን ዲስኮች ላይ ደግሞ ቁጥር ነው ያስለጠፍኩት፣ እንዳትቀየመኝ።

ይመሬ፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ፣ ማረፊያህን ጀነት ያድርገው። እንዳልረሳህ ቃል የምገባልህ በዱዓ ብቻ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲመጡ የስፌት መኪናዬን አቆምና በርጩማዬን ይዤ ከመሀላቸው እቀመጣለሁ። ሎጋሪዝም ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ የሚገባኝም አይመስለኝም። በሕይወትህ ሳለህ አንድ ቀን እንኳ ንግግርህን አስጨርሼህ አላውቅም ነበር። ከእንግዲህ እስክትጨርስ ድረስ እሰማሃለሁ። ምሳው ይቀዝቅዝ።