ቁልፉን ለረዳቴ ስጣት

«ልጄ፣ ቁልፉን ለረዳቴ ስጣት። ከእንግዲህ ስትመጣ አንኳኳ፤ ካልከፈትኩ ተመለስ። ዳቦም አታምጣ፣ ቤት ውስጥ አለኝ።»

ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የመድኃኒት ካርቶን ቀደሽ፣ ጀርባው ላይ ጽፈሽ፣ እንኳን ፖስታ ውስጥ ልትከቺው ሳታጥፊው በረዳትሽ እጅ ላክሽልኝ። አንብባዋለች ማለት ነው። ሰው እናቱ በር ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር ከባዳ እጅ ይቀበላል?

ሰላምታ መቅደም ነበረበት፤ ንዴት ቀደመኝ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቅባቱን ማታ ማታ ትቀቢዋለሽ ወይስ ጠረጴዛው ላይ ለጌጥ ተቀምጧል? እኔ ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ እናታቸው ጋ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስትወድቂ ያንን የአረጋውያን ድጋፍ ማኅበር ፈልጎ ያገኘው ማን ነው? ግድግዳው ላይ የተተከለውን መደገፊያ ብረት፣ አንገትሽ ላይ የምታንጠለጥዪውን የጥሪ ደወል፣ ምሳ የሚያደርሰውን ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት የምትመጣውን ረዳት፣ ሁሉንም ደጅ ጠንቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ብረቱን አጣመው ተክለውት ነበር፤ አስነቅዬ በትክክል አስተክያለሁ። አንቺ ግን ለጎረቤትሽ፣ መርማሪው ልጄ የብረቱን ቃል ሳይቀር ተቀበለ ብለሽ ሳቅሽብኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሕንፃ ጥራት ስቆጣጠር ኖሬአለሁ። መሥሪያ ቤቱ በአዲሱ አደረጃጀት ለእኔ የሚሆን መደብ ቢያጣም ዓይኔን አልቀማኝም።

ረዳትሽንም እንደዚያው ነው የታዘብኳት። አንድ ጠዋት ስገባ አንቺ ምድጃው ፊት ቆመሽ እንቁላል ትጠብሻለሽ፤ እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ታይሻለች። እንቁላሉ እያረረ ነው። አንቺ ሴት ሥራሽ ምንድን ነው አልኳት። መቆም ነው ጋሼ፣ እኔ ብነካውማ እማማ ያባርሩኛል አለችኝ፣ ያለ ምንም እፍረት። አንቺም ፊትሽን ሳታዞሪ፣ እኔ ያረረ ነው የምወደው፣ ሂድና ኮትህን አውልቅ አልሽ። መጥበሻውን ከእጅሽ ተቀብዬ ሌላ ጠበስኩልሽ። ጥሩ አድርጌ ነው የጠበስኩት። አልበላሽውም። ስለዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ማብራሪያ አልተሰጠኝም።

ከዚያ የማኅበሩ አስተባባሪ መጣች። አረጋውያኑ ምን በራሳቸው እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያቅታቸው እየጠየቁ እርዳታውን ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ቀድሜ መከርኩሽ፤ እችላለሁ ያለ ሰው ይቀነስበታል፣ ዝም በይ፣ እኔ እመልስልሻለሁ አልኩሽ። እሺ አላልሽም፣ እምቢም አላልሽም። ዝምታሽን እንደ ስምምነት ቆጠርኩት። ይህ ስህተት ከሆነ ግማሹ የአንቺ ነው።

እማማ ደረጃ ይወጣሉ ወይ ብላ ጠየቀች፤ አትወጣም አልኩ። ራሳቸው ይለብሳሉ? በእርዳታ። ያበስላሉ? አደገኛ ነው። ብቻቸውን ያድራሉ ወይ ስትል፣ በጭራሽ፣ ከሰው ጋር መኖር አለባት፣ እኔ ጠቅልዬ ለመግባት ዝግጁ ነኝ አልኩ። የስፌት ክፍልሽን ለክቼዋለሁ፤ የስፌት መኪናዋ ወደ ሳሎን ብትወጣ አልጋዬ ልክክ ብሎ ይገባል። ይህንንም አስረዳኋት።

ይህን ጊዜ ተነሳሽ። ከዘራሽን ወንበሩ ላይ ትተሽ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘሽ ወደ ማድ ቤት ሄድሽ። ልከተልሽ ስል ሴትዮዋ፣ ይተዉአቸው አለችኝ። ቆየሽ። ስትመለሺ ሦስት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዘሻል፤ የሻዩ ግማሽ ትሪው ላይ ነው። አስቀመጥሽና፣ ልጄ የእኔን ፈተና ተፈትኖልኝ ወደቀ፣ በይ አሁን እኔን ጠይቂኝ አልሻት። ሳቋ አመለጣት። ደረጃውን፣ እያረፍኩ እወጣለሁ አልሽ። ልብሱን፣ የጀርባ ዚፕ ካልሆነ በቀር ማንንም አልጠራም አልሽ። ብቻሽን ማደሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ፣ እኔማ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ለምጄዋለሁ፣ እሱን ጠይቂልኝ አልሽ።

ባዳ ሰው ፊት እንዲህ አይቀለድም። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ሻዩ ስኳር እንደሚያንሰው ተናገርኩ።

እሷን ሸኝተሽ ስትመለሺ፣ የስፌት መኪናዬን ንካትና ታያለህ አልሽኝ። በማግስቱ ይህ የካርቶን ትእዛዝ ደረሰኝ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የዳቦው ነገር ነው። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሳልናገር ሁለት ይጠቀልልልኛል፤ ለአንቺ ለስላሳውን መርጦ። አንድ ብቻ አድርግልኝ አላልኩትም፤ ብነግረው ምክንያቱን መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱንም ይዤ ቤቴ እገባለሁ፣ ሁለተኛው ይደርቃል። ብክነት ነው፤ ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ።

ቁልፉን አልሰጠኋትም። አልተጠቀምኩበትምም። ትናንት እስከ በርሽ ወጥቼ ነበር። ሬዲዮሽ ይሰማል፣ አንቺና ረዳትሽ በሆነ ነገር ትሳሳቃላችሁ። ሳላንኳኳ ወረድኩ። ፈርቼ አይደለም፤ ያወጣሽው ደንብ ግልጽ ስላልሆነ ነው። «ካልከፈትኩ» ማለት ስንት ጊዜ ካንኳኳሁ በኋላ ነው? ተኝተሽ ቢሆንስ? ወድቀሽ ቢሆንስ? እኔ መሆኔን አውቀሽ ዝም ብለሽ ከሆነስ፣ በምን ለይቼ አውቃለሁ?

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ከመውደቅ ይሰውርሽ፣ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

ሳንኳኳ ትከፍቺልኝ እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀናትና በስንት ሰዓት እንደሆነ ለይተሽ አሳውቂኝ። ከመረጥሽልኝ ጠዋት ይሁን፤ ማታውን በእንቅልፍም በምንም እገፋዋለሁ፣ ጠዋቱ ነው የሚረዝመው። በረዳትሽ በኩል በቃል የሚላክ መልስ አልቀበልም። በራስሽ እጅ ተጽፎ፣ እስከዚህ ወር ሃያ አምስተኛ ቀን ድረስ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ።

ልጅሽ