አባየ ስም ያወጣላቸው ዘፈኖች

አባየ፣ የኔ ደግ፣

«እንደምን አለህ» ብየ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶት። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ በየቀኑ ስለምንተያይ አላስፈለገኝም። አሁን ግን አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አላስቀምጥ አላስቆም ስላለኝ ይኸው ጻፍሁልህ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማየ ጥቁሯን አውልቃለች። የሙት ዓመትህ ማግሥት እህቷ ከእስቴ መጥታ በግድ አስወለቀቻት። ነጭ ለብሳ ከደጅ ስትወጣ ያፈረች ትመስል ነበር። አይሱዙ መኪናህ ተሸጧል። የገዛው የመካነ ኢየሱስ ሰው ነው፤ ጎኑን ሰማያዊ ቀባው። ቀለሙን ቢቀይረውም ጡሩንባው ያው ነው። በትምህርት ቤታችን በር በኩል ባለፈ ቁጥር ጠመኔየን ይዤ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፤ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል። መኪናው ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ እማየ ጎመን ዘርታ ነበር። መሬቱ ዘይት ጠጥቶ ኖሮ አልበቀለላትም።

ለሐዘንህ ዓመት ሙሉ ሬድዮ አልከፈትንም። ጎረቤቱም ስለኛ ብሎ ድምፁን ቀንሶ ነው የከረመው። ግን አባየ፣ አንተም እኔም እናውቃለን፤ ያ ቤት ዝም ያለው አንተ ስትሞት አይደለም። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ዝም ብሎ ነበር። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። የምጽፍልህም ስለዚያ ነው።

ካሴቶቹን ያገኘሃቸው እኔ ሳልወለድ ነው። ለመንገድ ሥራው የውኃ ቦቴ ትነዳ በነበረ ጊዜ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰባት ካሴት ሰጠህ። ማኅደር የላቸው፤ የላያቸው ጽሑፍ በእጅ ብዛት ለቋል። ማን እንደዘፈናቸው፣ ርእሳቸው ምን እንደሆነ አላወቅህም። ስለዚህ ስማቸውን አንተው አወጣህላቸው።

«አቀበቱ» ያልኸው ከበሮውና ጊታሩ አንድ ላይ የሚፈነዳው ነበር። ከአርብ ገበያ ገብስ ጭነህ ሽቅብ ስትወጣ፣ ማርሽ ስትቀንስ ትከፍተዋለህ። ሞተሩና ዘፋኙ እኩል ይጮኻሉ፤ አንተ ደግሞ መሪውን በመዳፍህ ትመታለህ። «አልቃሿ» ሴት ናት። ድምጿ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሊበጠስ ሲል ይመለሳል። «ይች ሴት የኛ አገር ሰው ብትሆን ለቅሶ በሆነ ቁጥር ይጠሯት ነበር» ትላለህ። ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው ግን «ጉም»ን ነበር። ወደ ደብረ ታቦር ስንሄድ የጉና ጉም መንገዱን ሲውጠው፣ መብራት አብርተህ ቀስ እያልህ ስትነዳ የምትከፍተውን። በአንድ ጊታር ብቻ ይጀምራል። ከዚያ ሰውየው ጎርነን ባለ ድምፅ ይገባል፤ ለሕዝብ የሚዘፍን ሳይሆን አጠገቡ ላለ አንድ ሰው የሚያወራ ይመስላል። እኔ ጃኬትህን ተከናንቤ መስኮቱን ተደግፌ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነው። ዓለም ሁሉ ያ ጋቢና ነበር የሚመስለኝ።

ቋንቋው አይገባህም ነበር። ሰው ሁሉ «የማይገባህን ምን ትሰማለህ?» ይልሃል። እኔ ዛሬ ሳስበው፣ ስላልገባህ ነው የወደድሃቸው። ቃላቸው ስላልያዘህ የራስህን ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። በልጅነትህ የሞተችውን እናትህን፣ ብቻህን የነዳኸውን መንገድ፣ ለማንም ያልነገርኸውን። እኔ አላውቀውም፤ ፊትህን አይቼ የገመትሁት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በእንግሊዝኛ ተሸለምሁ። አስታወስህ? በማግሥቱ ሞተሩን አጥፍተህ፣ «ጉም»ን ከፍተህ «እስቲ ይሄ ሰውየ ምን እንደሚል ንገሪኝ» አልኸኝ። ደብተር ይዤ፣ ካሴቱን አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስሁ ጻፍሁ። ግማሹ አልያዝልኝ አለ። በያዝሁት ልክ፣ «ትታው ለሄደች ሴት ነው የሚዘፍነው፤ ተመለሽ ይላታል» አልሁህ። አንተ ግን «እኔ ስለ መንገድ ይመስለኝ ነበር» አልኸኝ። ሳቅሁብህ። አንተም ሳቅህ፤ «ግድ የለም፣ ለኔ ስለ መንገድ ይሁን» ብለህ ሞተሩን አስነሣህ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ሰንበት ትምህርት ቤት ገባሁ። ነጠላየን ራስህ ነህ የገዛህልኝ። ቤተ ክርስቲያኑን ወደድሁት፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ልጅ ነበርሁ፤ የተማርሁትን ሁሉ በማግሥቱ ሰው ላይ ካልፈጸምሁት የተማርሁ አይመስለኝም ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አንተ ግቢ ውስጥ ጎማ እየፈታህ «አልቃሿን» ከፍተሃል። ፊትህ ቆምሁ። «አባየ፣ እዚህ ቤት የጸሎት መጽሐፍ አለ። ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ ይሄ ዘፈን ይውጣ» አልሁህ።

እማየ ከውስጥ «አንች! አባትሽን ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። አንተ ግን አልተቆጣህም። እጅህን በጨርቅ ጠረግህ፤ ረጅም ጊዜ ነበር የጠረግኸው። ተነሥተህ ቴፑን ዘጋህ። «ትውጣ እንጂ፤ ዘፈኗ ትውጣ» አልህ። በማግሥቱ ጋቢናው ውስጥ አንድም ካሴት አልነበረም። ያቃጠልሃቸው መስሎኝ ነበር። አልጠየቅሁህም። እውነቱን ልንገርህ፤ የዚያን ዕለት ያሸነፍሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን ስለ ዘፈን አላነሣህብኝም። ኮሌጅ ገባሁ፤ ተመረቅሁ፤ አስተማሪ ሆንሁ። አንተ ጉበትህን ታመምህ። ጠበል ወሰድንህ፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል አስተኛንህ። አሁን የምነግርህ የሆስፒታሉን ነው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ነበር። አጠገብህ የተኛው ሰውየ ስልኩ ጠራ። ጥሪው የውጭ ዘፈን ነው። ካንተ ዘፈኖች አንዱ አልነበረም፤ ግን ጊታር ነበረው። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተገለጠ ዓይንህ ተገለጠ። ፊትህን ወደ ድምፁ አዞርህ፤ ጣትህ አንሶላው ላይ ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያ እኔን አየኸኝ። ጣትህን ሰበሰብህ። ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ዓይንህን ከኔ አሸሸህ።

አባየ፣ ስልኬ እጄ ላይ ነበር። «ዘፈን ልክፈትልህ?» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማንን እንደፈራሁ ዛሬም አላውቅም፤ እግዚአብሔርን ይሁን ራሴን። ዳዊቴን ገልጬ ማንበቤን ቀጠልሁ። በሦስተኛው ቀን አረፍህ።

ከቀብርህ በኋላ ዘፈኖችህን ፍለጋ ወጣሁ። ነፋስ መውጫ ገበያ ዳር በሚሞሪ ዘፈን ከሚጭነው ሰውየ ሱቅ ገባሁ። «ርእሱ ምንድን ነው?» አለኝ። «ጉም» አልሁት። «ዘፋኙስ?» አላውቀውም። «እስቲ አንጎራጉሪው» አለኝ። ሱቁ ሰው ሞልቶበታል፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ መሆኔን የሚያውቀው ይበዛል። ጥቁሬን እንደለበስሁ አንጎራጎርሁ። መግቢያውን ይዤ ነበር፤ ወደ መሐል ስደርስ ጠፋብኝ። ያን ሁሉ ዓመት የሰማሁትን ዜማ ረሳሁት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። እየሮጥሁ ወጣሁ።

ለሙት ዓመትህ የወገዳው ወዳጅህ፣ ባለ ወፍጮው አያ ሞላ መጣ። ሰው ሲበታተን ጠራኝና «የአባትሽ ዕቃ እኔ ዘንድ አለ። መጥተሽ ውሰጅ» አለኝ። ምን ዕቃ እንደሆነ አልነገረኝም። መንገዱ አንድ ሳምንት ሲዘጋ፣ አንድ ሳምንት ሲከፈት ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ አቧራየን ለብሼ ወገዳ ደረስሁ።

አያ ሞላ ሲያየኝ ወፍጮውን አቆመው። እህል ይዘው ወረፋ የያዙት ሴቶች «ምነው ቆመ?» ሲሉ «የሰው አደራ ላስረክብ ነው» አላቸው። ከወፍጮው ጀርባ ወዳለችው ክፍል አስገባኝ። ካሴቶቹ በዱቄት ከረጢት ተጠቅልለው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል። ሰባቱም። በየላያቸው ፕላስተር ለጥፈህ በእጅህ ጽፈህባቸዋል። የጻፍኸውን ፊደል ሳይ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

አሮጌውን ቴፕ ከፈተልኝ። «ጉም» ጀመረ። ክሩ አርጅቶ ድምፁ ይወዛወዛል፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። በልቤ ከያዝሁት ያጠረ ነው። ግን እሱ ነው። ያ ሱቅ ውስጥ የጠፋብኝ ቦታ ሲደርስ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ሰማሁ፤ ወደ ላይ ይወጣል ብየ ነበር፣ ለካ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

«እህል ጭኖ ሲመጣ እዚች ክፍል ገብቶ ይሰማ ነበር» አለኝ አያ ሞላ። «አይቀመጥም፤ ቆሞ ነው። ለምን ቤትህ አትሰማም ብለው፣ ልጄ ትጸልይበታለች፣ ቤቱ የሷ ነው አለኝ።»

«አያ ሞላ፣ ተቀይሞኝ ነበር?» ብየ ጠየቅሁት።

«የለም» እንዲለኝ ጠብቄ ነበር። አገጩን እያሻሸ አሰበ። «ተቀይሞሽ ነበር» አለኝ። «አልዋሽሽም። አንድ ክረምት ሙሉ ስምሽን አልጠራም፤ 'ልጅቱ' ነበር የሚልሽ። ከዚያ በጥምቀት ስትዘምሪ አይቶሽ መጣ። 'የልጄ ድምፅ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?' አለኝ። ከየት ነው ብለው፣ 'ከጋቢናየ!' ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ቂም አላየሁበትም።»

ጆንያው ላይ እንደተቀመጥሁ አለቀስሁ አባየ። በቀብርህ ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀስሁም። ውጭ ያሉት ሴቶች ሰምተው ገቡ፤ ማን እንደሞተብኝ ሳይጠይቁ አብረውኝ አለቀሱ። አያ ሞላ ወፍጮውን ያን ቀን መልሶ ሲያስነሣ ጥላ ዞሯል።

ስመለስ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው። ካሴቶቹን ጣይ ይሉኛል ብየ ፈርቼ ነበር። «ዘፈን ስሚ ብየ አልፈቅድልሽም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ስምንት ዓመት ስትናዘዥ አባቴን አሳዝኛለሁ ያልሽኝ ዛሬ ገና ነው። የጾም ቀን ውኃ ቀድመሽ መጠጣትሽን ስትነግሪኝ፣ እሱን አንድ ቀን አላነሣሽውም።» ቀኖና የሰጡኝ ለዚያ ነው። እየሰገድሁ ነው አባየ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ደስ ይለኛል።

ካሴቶቹን ቤት ያመጣሁ ቀን እማየ ባቄላ ትለቅም ነበር። የአያ ሞላን ቴፕ ተውሼ መጥቻለሁ። ትቆጣለች ብየ ከረጢቱን ደብቄ ሳስገባ አየችኝ። «አመጣሻቸው?» አለች። ያሉበትን ታውቅ ነበር ማለት ነው፤ ሁልጊዜም። «እስቲ ያን ጩኸታሙን ክፈችው» አለችኝ። «አቀበቱን» ከፈትሁት። ከበሮው ሲፈነዳ ሰፌዱን ለቀቀችውና ሳቀች። ለካ በሰርጋችሁ ማግሥት በቦቴው ስትወስዳት ያሰማሃት እሱን ነው። «መኪናው ሊገለበጥ ነው ብየ ኡኡ አልሁ። አባትሽ ግን መሪውን እየመታ ይዘፍናል» አለችኝ። ከሞትህ ወዲህ እማየ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ «ዝጊው፣ ዝጊው» አለች። ዘጋሁት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ራሷ «ትናንት ያቋረጥነውን ክፈችው» አለችኝ። ሁለታችንም እስከ መጨረሻው ሰማነው።

አባየ፣ መዝሙሩን አልተውሁም፤ አልተውምም። ክርስትና ስምህ በየቅዳሴው ይጠራል፤ እኔ አስጠራዋለሁ። ይቅርታህን ደግሞ እኔ ሳልጠይቅህ ሰጥተኸኝ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ሳልጠይቅህ መቅረቴ ግን ከኔ ጋር ይኖራል፤ እንዲለቀኝም አልለምንም።

አንድ ቀን ቤት ብሠራ፣ ልጆች ብወልድ፣ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ «ደግ ነበር» ብቻ ብየ አላልፍም። ምን ይወድ እንደነበር እነግራቸዋለሁ። እኔ ምን እንዳደረግሁበትም አንዲት ቃል ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ። እነሱም የሚወዱትን ነገር እኔን ፈርተው ሌላ ሰው ቤት እንዳይደብቁ።

ልጅህ የሺ