የመስኮቱ ወንበር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ኅዳር ገብቶም የድሬ ሙቀት አልቀነሰም። ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። አንድ ባለባጃጅ የፍሬን ሸራ ፈልጎ መጥቶ፣ "ገና ዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው፣ ይሳቅ" አለኝ። ጨዋታ አለ አልኩት። ገባው።

ገንደ ቆሬ፣ ፋርሒያ ኳስ ማሳያ ቤት። ኑሪ እንደ ሁልጊዜው ቦታ ይዞልኛል፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ቬንትሌተሩ ሥር። አባቶቻችን ባቡር ላይ አብረው ሠርተዋል፣ እኛ ደግሞ ኳስ አብረን እናያለን። ፋርሒያ ዲሹን ትታ በኢንተርኔት ማሳየት ከጀመረች ወዲህ ምስሉ ጥርት ብሏል። የተጫዋቹ ላብ ሳይቀር ይታያል።

የቡድናችንን ስም እዚህ አልጽፍም። የጻፍኩ ቀን ሁሉ ተሸንፈናል።

ከዕረፍት በፊት አገባን። ኑሪ ሊነሳ ሲል ክንዱን ይዤ አስቀመጥኩት። "ቆይ፣ ገና ቫር አለ።" ቁጭ አለ። ድሮ አራጋቢውን አየት ታደርግና ነገሩ ያልቃል። አሁን ጎሉን በቪዲዮ እስኪያጣሩ አፍህን ከፍተህ መስመር ሲሰመር ታያለህ…

ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ "ይሰረዛል" አለ። ተሰረዘ። ዞር አልኩ። አዲስ ሰው ነው። ኃይለመለኮት ይባላል፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ የመጣ። አርፍዶ ስለገባ ማንም የማይፈልገው የመስኮቱ ወንበር ደርሶታል። ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል ጀርባ ይጠብሳል። ገምቶ ነው አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ባለፈው ሳምንት ኳስ የኛን ተከላካይ ክንድ ነካች። ማኖ ተባለ፣ ሪጎሬ ተሰጠብን። ዛሬ ሌሎች ቡድኖች ሲጫወቱ ያው ክንድ፣ ያው ከፍታ… "ይቀጥል!" የቫሩ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች ሻይ ሊጠጡ ወጥተው ነበር? ምሳ አልበላ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ገምቶ አይደለም ሰውዬው። "ሪጎሬ ነው" አለ፣ ሆነ። "ቀይ አይደለም፣ በቢጫ ያልፋል" አለ፣ በቢጫ አለፈ። ቫር ገና ሲያይ እሱ ጨርሶታል።

ድሮ ሰው ወደ እኔ ነበር የሚዞረው። "ይሳቄ፣ ኦፍሳይድ ነው?" ወጣት ሳለሁ በሰፈር ውድድር ፊሽካ ነፍቻለሁ፣ ዓይኔን ከመጋላ እስከ ሳቢያን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቫር መጣና ሥራዬን ነጠቀኝ። እሺ፣ እሱ ማሽን ነው። ይሄ ግን ሰው! ፋርሒያ እንኳ ሻይ ስታዞር፣ "ባንኩ ምን አለ?" ትላለች።

ሲያልቅ ሊጨብጠኝ መጣ። "እርስዎ አቶ ይሳቅ ነዎት? ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ።" እርስዎ! ድሬ ውስጥ ማን ነው እርስዎ የሚባለው? በዚህ ላይ ጨዋ ነው፣ ስድብ አይመቸውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

ኑሪ ወንበሩን አነሳ። አዎ፣ አነሳና መስኮቱ ጋ፣ ሰውዬው አጠገብ ወሰደው። "እዚያ ነፋስ አለ" አለኝ። የምን ነፋስ? እሳት እኮ ነው!

አገባን። ክንዱን ልይዝ እጄን ሰደድኩ… ባዶ። ከኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው ይዘላሉ። ጎሉ ጸደቀ። አላጨበጨብኩም። ያገባው እኮ የራሴ ቡድን ነው…

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ባለቤቴን ተሻለችን ዛሬ አላስቻላትም። "ሦስት ቀን ሙሉ ተኮሳትረሃል። ተሸነፋችሁ?"

"አሸነፍን።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

ነገርኳት። ሳቀች። "እኔ ሌላ ሴት ያዘ ብዬ ስሰጋ፣ ባሌ በኑሪ ይቀናል!"

ቅናት አይደለም አልኳት። ነው። እዚህ ማንም አያነብብኝም፣ ነው። ቀንቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ወንበሬን ዞር አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ሁለቱንም ለማየት። ጨዋታውን ግማሹን አላየሁትም። ኑሪ ከጫቱ ለጋ ለጋውን እየመረጠ ለሱ ያቀብለዋል። ለእኔ ስንት ዓመት ገራባውን ሲያቀብለኝ!

አጥቂያችንን የሪጎሬ ሳጥኑ ውስጥ ጠልፈው ጣሉት። ዓይነ ስውር ያየዋል። ዳኛው ዝም። ቫር እንኳ አልጠራውም። ባለፈው ወር በዚሁ ዓይነት እኛ ላይ ሰጥተዋል! ቤቱ ታመሰ። አንዱ "ቲቪውን ስበሩት" ሲል ፋርሒያ፣ "ዋርያ! የኔ ቲቪ ምን አደረገ?" ብላ ፊቱ ቆመች።

ኃይለመለኮት ደግሞ፣ "አያዩትም፣ ጨዋታው ይቀጥላል።" ተቀጣጠልኩ። "ዳኛውን የምትቀጥረው አንተ ነህ እንዴ?" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ይቅርታ፣ አቶ ይሳቅ" አለኝ። ኑሪ ቀና ብሎ አላየኝም። በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ፣ ባጃጅ መጥራትም አስጠላኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ያዝኩት!

ኃይለመለኮት ለገና አገሩ ሄዷል። ኑሪ መልካ ጀብዱ ሠርግ አለበት። አርፍጄ ስደርስ ቤቱ ሞልቶ የቀረው የመስኮቱ ወንበር ብቻ። ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቀጭን መተላለፊያ፣ ከዚያ የዓብዱልአዚዝ ቤት። እሱም ኳስ ያሳያል፣ በዲሽ።

"ገባ! ገባ!" ብለው ጮኹ ከወዲያ። በኛ ስክሪን ኳሱ ገና መሀል ሜዳ ነው። የት ነው የገባው? ትንሽ ቆይቶ… አገባን። ከዚያ ቫር። የኛው መስመሩን እያሰመረ እያለ ከወዲያ፣ "ኧረ ሰረዙት!" ትንሽ ቆይቶ… ተሰረዘ።

የነሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ የኛ ኢንተርኔት ይዘገያል! ቬንትሌተሩ ሥር፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል አይሰማም። እዚህ ግን ቃል በቃል። የመስኮት ነቢይ!

ፋርሒያ ፊቴን አይታ ገባት። ጎንበስ ብላ፣ "ዋርያ ይሳቅ፣ ምስሏ ይዘገያል ብለህ ብታወራ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይሻገራል። ሻይህ በኔ ነው" አለችኝ። ጠጣሁ። እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ማጋለጥ ነበረብኝ። ነበረብኝ። ግን… በጊዜ ሄጄ ወንበሩን ያዝኩ።

"ይሰረዛል" አልኩ፣ ረጋ ብዬ፣ ልክ እንደሱ። ተሰረዘ። "ማኖ የለም፣ ይጸድቃል።" ጸደቀ። "የይሳቅ ዓይን ተመለሰ!" አለ ቤቱ። ያ ድምፅ እንዴት ናፍቆኝ ነበር! ኑሪ አጠገቤ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ። ለጋውንም አቀበለኝ።

ጀርባዬ ተጠብሷል። ይጠበስ።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

እንዴት ብዬ ልጻፈው…

ሰውዬው ተመልሷል። ገባ፣ ወንበሩ ላይ እኔን አየ፣ መስኮቱን አየ። ሰላም ብሎኝ ቬንትሌተሩ ሥር፣ የድሮ ቦታዬ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ካወቀብኝ ለምን አይናገርም? መናገር እኮ ነበረበት።

ዛሬ ከዋና ተቀናቃኞቻችን ጋር ነበር። አንድ ለአንድ። በጭማሪው ሰዓት አገባን። ቫር። መስመር መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። "ይሳቄ?" ከመስኮቱ ወዲያ ጩኸት ፈነዳ። ቃሉን አልጠበቅኩም።

"ጸደቀ!" ብዬ ተነሳሁ። ኑሪ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ዘለልን። ሻይ ተደፋ፣ የአንድ ወንበር እግር ተሰበረ፣ ኑሪ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል…

ከዚያ ስክሪኑ። ተሰረዘ።

ለካ ዓብዱልአዚዝ ቤት ዛሬ የተቀናቃኞቻችን ደጋፊ ሞልቶበታል። የጮኹት ስለተሰረዘ ተደስተው ነው። "ቫራችን ተበላሸ!" እያሉ ሳቁብኝ። ያልሳቀው ኃይለመለኮት ብቻ። እሱም ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 10

ሱቅ ከፍቼ ተደብቄ ዋልኩ። ኑሪ መጣ። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ብሎን ሲያንከባልል ቆየ።

"የዓብዱልአዚዝን ቤት ሰምተህ ነው፣ አይደል?"

"ታውቅ ነበር?"

"አቦ፣ እዚያ ተቀምጬ እንዴት አልሰማም? ኃይሌ እኮ መጀመሪያ ሁላችንም የምንሰማ መስሎት ነው። በኋላ ሰው ሲያደንቀው እውነቱን መናገር አፈረ።"

"ታዲያ ያወቅክ ሰው ለምን ከኔ ተነስተህ ሄድክ?"

ብሎኑን አስቀመጠ። "ይሳቄ፣ ወላሂ እንዳትቀየመኝ። ጎል ሲገባ ክንዴን ይዘህ ታስቀምጠኛለህ። ቆይ ቫር አለ፣ ቆይ መስመር አለ… ሲጸድቅ ደስታው በርዷል። ቫር ከመጣ ወዲህ አንተ አጠገብ ተቀምጬ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ኃይሌ እንደሚሰረዝ ሰምቶ እንኳ ከኔ ጋር ይዘላል።"

ብሎኑን አንስቼ ቦታው መለስኩት።

በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። "ትናንት ግን ዘለልን" ብሎ ሳቀ።

ክንዱን ስይዝ ለሱ አስቤ ይመስለኝ ነበር፣ በከንቱ እንዳይደሰት። ዳኛው አንድ ጊዜ ቀማን፣ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ስቀማው ከረምኩ። ቀኑን ሙሉ ለአንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ ስናገር ዋልኩ፣ ልቤ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ለመሄድ ፈርቼ ነበር። ሄድኩ። ፋርሒያ መስኮቱን በካርቶን ዘግታዋለች። "ከእንግዲህ ነቢይ የለም፣ ሁላችሁም አብራችሁ ትቃጠላላችሁ" አለች። ቬንትሌተሩ ሥር ሦስት ወንበር ገጠምኩ። ኃይለመለኮትን ጠራሁት። ስለዚያ ቀን ይቅርታ አልኩት፣ አጭር፣ ከሻይ ጋር።

ዳኛው ያው ነው። ሪጎሬያችንን ከለከለን፣ በተመሳሳይ ነገር ለነሱ ሰጠ። ሦስታችንም እኩል ተሳደብን፣ ኃይለመለኮት እንኳ የደብረ ብርሃን ስድቡን አወጣ።

ሊያልቅ ሲል አገባን። እጄ በልማዱ ሄዶ የኑሪን ክንድ ያዘ። ኑሪ አየኝ። ይዤ አነሳሁት።

ዘለልን። ኃይለመለኮት መሀላችን ገባ፣ እግሩን ረገጥኩት፣ "ይሳቄ፣ አንተ ሰውዬ ትከብዳለህ!" ብሎ ጮኸ። አንተ! ስክሪኑ ላይ መስመሩ መጣ። አየሁት፣ አልተቀመጥኩም። ሲሰረዝም ገና ቆመን ነበር፣ ኑሪ በሳቅ ትንፋሽ አጥሮት።

ኃይሌ ከኔ ከፍ ብሎ ይዘላል። ኑሪም አይቶታል። ትንሽ ቀናሁ።